ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞሮዳ እና ከንጉሥ የተላኩ ሰዎች



ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የተነሣውን ክርክር የረሳ ሰው ያለ አይመስለንም። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች መርጠን፣ ነቀምት ሄደው ከሌሎች እድሮች ጋር ስለ ድንኳንና ስለ ዕቃ መዋዋስ ተነጋግረው እንዲመለሱ ልከናቸው ነበር። ሄዱ፣ ተነጋገሩ፣ ተመለሱ። ሲመለሱ ግን ያልላክናቸውን ነገር ይዘው መጡ፤ ለካስ በእኛ ስም በየወሩ ተጨማሪ መዋጮ ልንከፍል ተስማምተው ኖሯል። ግማሹ አባል ማን ፈቀደላችሁ ብሎ ተቆጣ። ግማሹ ደግሞ እኛው አይደለን ወይ የላክናቸው፣ የተላከ ሰው ቃል የላኪው ቃል ነው ብሎ ተከራከረ። መሸና ሳንጨርስ ተበተንን። ነገሩ ዘንድሮም ለስብሰባው ቀርቧል።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ የሥራ ዘመናችንን በመዝገብ ቤት ከደብዳቤ ጋር የጨረስን ጡረተኛ ነን። ስለዚህ ለአባላት ሕግ እናስተምር የሚል ድፍረት የለንም። ነገር ግን ክርክሩ ከልባችን አልወጣ ብሎ ሲከርም አንድ ነገር ታወሰን። የላኪና የተላኪ ጣጣ በእኛ እድር የተጀመረ አይደለም። በዚሁ በወለጋ ምድር፣ በአያቶቻችን ዘመን፣ አንድ ትልቅ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ከንጉሥ የሚላኩ ሰዎችን ሲቀበሉና ሲሸኙ ኖረዋል። እሳቸውም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞሮዳ፣ በመጀመሪያ ስማቸው ኩምሳ ሞሮዳ ናቸው። የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን፤ ለዘንድሮው ስብሰባችን ስንቅ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ነቀምት ለገበያም ሆነ ለሕክምና የሚሄድ የጉቴ ሰው ሁሉ ግቢያቸውን ያውቀዋል። ዛሬ ሙዚየም ሆኖ የሚጎበኘው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ያ ነው። እኛም ልጅ ሆነን ጀምሮ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፈናል። አጥሩን እንጂ ታሪኩን ሳናይ አልፈናል ማለት ይቀላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአያታቸው ከበከሬ ጎዳና ነው። በዚያ ዘመን የለቃ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት ይተዳደር ነበር፤ ሥልጣንም በየጊዜው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወር ነበር። ይሁን እንጂ ጦር የሚመራው አባ ዱላ፣ ገበያውንና የነጋዴውን መንገድ በእጁ ካስገባ ወዲያ፣ ተራው ሲደርስ መልቀቁን እየተወ መጣ። በወርቅ፣ በዝሆን ጥርስ፣ በዝባድና በቡና ንግድ አገሩ ደርጅቶ ነበርና የሚያጓጓ ነገር አልጠፋም። በከሬ በዚህ መንገድ ተነሥተው የለቃ ነቀምትን አገዛዝ መሠረቱ። በ1860 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ ሲገደሉ ልጃቸው ሞሮዳ በከሬ ሥልጣኑን ወረሱ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። አባ ዱላነትም ቢሆን መጀመሪያ ለጊዜው የተሰጠ ሥልጣን ነበር። ለጊዜው የምትለዋን ቃል ደግመን እንመለስባታለን።

በሞሮዳ ዘመን ወለጋን ሁለት ኃይሎች ይፈልጓት ነበር። ከዓባይ ማዶ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ከምሥራቅ ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። በ1874 ዓ.ም. ሁለቱ እምባቦ ላይ ተዋግተው የሸዋ ጦር አሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። የንጉሥ ምኒልክን ጦር ወደ ምዕራብ ይመሩ የነበሩት ራስ ጎበና ዳጬ ነበሩ። እንግዲህ ከንጉሥ ተልኮ ወደ ነቀምት የመጣ የመጀመሪያው ዓይነት ሰው ይህ ነው፤ ጦር ይዞ የሚመጣ። እንዲህ ያለው መልእክተኛ ብዙ አይናገርም፣ ከኋላው ያለው ፈረሰኛ ይናገርለታል። ሞሮዳ ነገሩን አመዛዝነው ሳይዋጉ ገቡ። በመግባታቸውም አገራቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ ግብር እንዲከፍሉ ተፈቀደላቸው። እምቢ ብለው ጦር የገጠሙ ሌሎች አገሮች ምን እንደደረሰባቸው የታወቀ ነው፤ ጦሩ አልተመለሰም፣ እዚያው በገባር ላይ ተተከለ።

ይህን ስንጽፍ ለልጆቻችን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። ራስ ጎበና በጥቅምት 1881 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣውን የደርቡሽ ጦር ድል ያደረጉበት ጉቴ ዲሊ የሚባለው ቦታ በምዕራብ ወለጋ የሚገኝ እንጂ የእኛ የዋዩ ጡቃዋ ጉቴ አይደለችም። በስሙ ተሳስቶ ውጊያው እዚህ ሜዳችን ላይ ነበር እያለ የሚያወራ ጎረምሳ ስለሰማን ነው። ለማንኛውም ከዚያ ጦርነት በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ በዚያው በ1881 ዓ.ም. ራስ ጎበና አረፉ። ሞሮዳም በዚያው ዘመን አለፉ። ያስገባውም የገባውም በአንድ ሰሞን ሄዱና ውሉ ለልጅ ቀረ።

ልጁ ኩምሳ ሥልጣን ሲይዙ ገና ወጣት ነበሩ። ንጉሥ ምኒልክም በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ኩምሳ ሲጠመቁ ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ምኒልክ ሆኑ፤ የደጃዝማችነትንም ማዕረግ አገኙ። ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ይመስለው ይሆናል። አይደለም። የክርስትና ልጅ ማለት ከአባቱ ጋር በመካከል ሰው ሳያስገባ የሚነጋገር ማለት ነው። ሌላው ባላባት አንድ ጉዳይ ቢኖረው አጋፋሪ ይለማመጣል፣ አማላጅ ይፈልጋል። ደጃዝማች ግን ግብራቸውን ይዘው ራሳቸው አዲስ አበባ ወጥተው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ይህ ዕድል በኋላ እንደምናየው ከብዙ ነገር አድኗቸዋል።

ውሉ እንዲህ ነበር። ለቃ ነቀምት በየዓመቱ የተቆረጠ ግብር በወርቅና በዝሆን ጥርስ ታስገባለች። በምትኩ እንደ ሌላው የደቡብና የምዕራብ አገር ነፍጠኛ አይተከልባትም፤ ዳኝነቱም አስተዳደሩም በደጃዝማች እጅ ይሆናል። ከሥራቸው አባ ቆሮና አባ ላንጋ የሚባሉ ያገር ሹማምንት ነበሩ። እንዲህ ያለ ውል የነበራቸው ጥቂት አገሮች ናቸው፤ የጅማው አባ ጅፋርና የቄለሙ ደጃዝማች ጆቴ ቱሉ በዚሁ መልክ ይኖሩ ነበር። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት ዘመን ከንጉሥ ጋር ውል ይዞ መኖር ቀላል ነገር አልነበረም።

ታዲያ ውል ካለ ንጉሡ ለምን ሰው ይልካል? ግብሩ መድረሱን የሚያይ፣ ወርቁን የሚረከብ፣ አቤቱታ ሲበዛ የሚያጣራ ያስፈልጋላ። ሁለተኛው ዓይነት መልእክተኛ ይህ ነው፤ መጥቶ የሚሄድ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ሲነበብ የተቀመጠ ይነሣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ነገር ድርጎ ነው። ድርጎ ማለት ዛሬ ለልጆች ማስረዳት ሊያስፈልግ ነው፤ በመንግሥት ትእዛዝ ለሚጓዝ ሰው በየደረሰበት አገር የሚሰጠው ቀለብ ነው። እንጀራው፣ ማሩ፣ ሙክቱ፣ ለበቅሎው ገብስ፣ ለአሽከሮቹም እንደየደረጃቸው። ከማን ጎተራ ይወጣል ቢባል ከደጃዝማች ጎተራ አይደለም፤ ከገባሩ ነው። ስለዚህ መልእክተኛው አንድ ቀን ባደረ ቁጥር አንድ ቤት ይራቆታል። መምጣቱን ደጃዝማች ይፈሩታል፣ መቆየቱን ደግሞ ገበሬው።

ከዓድዋ ድል ከ1888 ዓ.ም. በኋላ መንግሥቱ ጠነከረ፣ ወጪውም በዚያው ልክ በዛ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን የቤኒ ሻንጉልን ዘመቻ ሲመሩ የወለጋ ጦርም ተካፋይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ ወለጋ እንደ ደጃዝማች ደምሰው ነሲቡ ያሉ፣ ከመሀል አገር የተሾሙ ገዢዎች ተቀመጡ። በነጆ በኩል ያለው የወርቅ ምድር የውጭ አገር ሰዎች በፈቃድ የሚያስቆፍሩት ሆነ። ኬላውና የነጋዴው ቀረጥም ከቤተ መንግሥቱ በሚሾሙ ሰዎች እጅ እየገባ ሄደ። ሦስተኛው ዓይነት መልእክተኛ እንግዲህ ቆጣሪው ነው። ይህ ሰው ጦር አይዝም፣ አይቆጣም። ብዕር ይይዛል። ስንት ጭነት አለፈ፣ ስንት ወቄት ወርቅ ገባ፣ ስንት ገባር አለ እያለ ይጽፋል። እኛ የብዕር ሰው ስለሆንን እናውቀዋለን፤ ጎራዴ የያዘ ሰው ሲመለስ ነገሩ ያበቃል፣ መዝገብ የያዘ ሰው ግን ከሄደም በኋላ መዝገቡ አለ። የሚቀጥለው ሰው ሲመጣ ከባዶ አይጀምርም።

ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ይህን ሁሉ እንዴት ቻሉት? ከሁሉ ይልቅ የምናደንቅላቸው እዚህ ላይ ነው። የመጣውን ሰው አላዋረዱም፣ አላባረሩም፤ ነገር ግን መልእክተኛውን እንደ ላኪው አልቆጠሩትም። ላኪውን በደብዳቤ ያገኙት ነበር። ከቤተ መንግሥቱ የተጻፈላቸውን ደብዳቤ፣ የግብሩን ጽሑፍ፣ የመሬቱን ጉዳይ ሁሉ አልጣሉም፤ በነቀምት ግቢያቸው ተጠብቆ ቆየ። ብዙ ባላባት ወረቀቱን ካስነበበ በኋላ የት እንደጣለው አያውቅም። የለቃ ነቀምት ደብዳቤዎች ግን ከእሳትም ከምስጥም ተርፈው፣ በ1990ዎቹ ሊቃውንት ሰብስበዋቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትመዋል። የወለጋን ታሪክ የሚያጠና ሰው ዛሬ የሚጠቅሰው እነሱን ነው። የመዝገብ ቤት ሰው ሆነን ይህን ስንሰማ ምን ያህል ደስ እንዳለን መናገር አንችልም። ግብሩ ደርሷል አልደረሰም የሚል ክርክር ሲነሣ፣ ወረቀቱን ያስቀመጠ ሰው ነው የሚናገረው።

እዚህ ላይ ከራሳችን የሥራ ዘመን አንድ ነገር ብናነሣ አይከፋም። ብዙ ዓመት ይሆነዋል፤ እኛ በነበርንበት አንድ መሥሪያ ቤት ከበላይ አካል አንድ ተቆጣጣሪ ተልኮ መጣ። የመጣበትን ደብዳቤ በገቢ መዝገብ የመዘገብነው እኛው ነን። ለጊዜው የተላከ ይላል፤ ቀኑን ግን አይናገርም። በሦስት ቀን ይሄዳል ብለን አልጋ ተከራየንለት፣ ተራ ገብተን አበላነው። ወር ሆነ። ጠረጴዛ ተሰጠው። ሁለት ወር ሲሆን ማኅተሙ ከእሱ ጠረጴዛ ውጭ አይመታም ተባለ። ሠራተኛው ፈቃድ የሚጠይቀው ከእሱ ሆነ፤ ኃላፊያችን በራሱ ቢሮ እንግዳ መሰለ። ዓመቱ ሲያልቅ ያንን ደብዳቤ አውጥተን ደግመን አየነው። ለጊዜው ነው የሚለው፣ አልተለወጠም። ቀኑ የት አለ ብለን በመጀመሪያው ዕለት ለመጠየቅ የሚያስችል ሥራ የነበረን እኛ ነበርን፤ ፈርተን ዝም አልን። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

የጎረቤታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ ሲማር፣ ስለ ቻይና አገር የነገረን ነገር ከዚህ ጋር ስለገጠመልን እናካፍላችሁ። በዚያ አገር ታንግ የሚባል መንግሥት ከ618 እስከ 907 እ.ኤ.አ. ነግሦ ነበር። መጀመሪያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ችግር ሲያጋጥም፣ ድርቅ ሲገባ ወይም ሹም በደለ ሲባል፣ ለዚያ ጉዳይ ብቻ አንድ ሰው ይልክ ነበር። ጉዳዩ ሲያልቅ መልእክተኛነቱም ያልቃል፤ ሰውዬው ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። እየቆየ ግን መልእክተኞቹ በዙ። የጨው ግብር የሚያይ፣ የእህል ጭነት የሚያይ፣ የድንበር ጦር የሚመራ እየተባለ መላኩ ቋሚ ሹመት ሆነ። የድንበሮቹ ደግሞ ጦሩንም ግብሩንም አስተዳደሩንም ጠቅልለው ያዙ። ከነሱ አንዱ አን ሉሻን የሚባለው በ755 እ.ኤ.አ. በላከው ንጉሥ ላይ ዐመፀ፤ ዐመፁ እስከ 763 ድረስ ቆየ። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ምሥራቅ አንዳንዶቹ የተላኩበትን ቦታ ለልጆቻቸው ያወርሱ ጀመር። ንጉሡም እነሱን የሚጠብቁ ሌሎች መልእክተኞች ከቤተ መንግሥቱ ጃንደረቦች መካከል ላከባቸው። መልእክተኛ የሚጠብቅ መልእክተኛ ማለት ነው።

በቻይና የተላከው ሰው ባላባት ሆነ፤ በእኛ አገር ደግሞ ባላባቱ በተላኩ ሰዎች ብዛት ቀስ በቀስ አለቀ። መንገዱ ይለያያል እንጂ የሁለቱም መጀመሪያ ያቺው ለጊዜው የምትለዋ ቃል ናት።

የደጃዝማችን ሥልጣን ወሰን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1896 ዓ.ም. ኦነሲሞስ ነሲብ ነቀምት መጡ። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፣ ኋላም ነፃ ወጥተውና ተምረው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱና በ1891 ዓ.ም. ያሳተሙ ናቸው፤ በሥራቸው አስቴር ጋኖ የምትባል ብርቱ ረዳት ነበረቻቸው። ደጃዝማች በደስታ ተቀበሏቸው፣ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ነገር ግን ካህናቱ ከስሰው ጉዳዩ አዲስ አበባ ደረሰ፤ በ1898 ዓ.ም. ኦነሲሞስ ተጠርተው አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። በነቀምት የደጃዝማች ፈቃድ ሕግ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣን ጥሪ ግን ያ ፈቃድ አላስቀረውም። በኋላ ዐፄ ምኒልክ ነገሩን አለዝበው ኦነሲሞስ ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ እንዳይሰብኩ ግን ተከለከሉ። ያገሩ ሰው ያን ጊዜ አንድ ነገር ተማረ፤ ከደጃዝማች በላይ አቤት የሚባልበት ቦታ አለ።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንደብቅ እንናገር። የሞተን ሰው ማመስገን የእድርተኛ ልማድ ነው፤ ታሪክ ሲጻፍ ግን ሌላውንም ወገን ማየት ያስፈልጋል። የደጃዝማች ውል አገሩን ከነፍጠኛ ተከላ አድኖታል፤ ገበሬውን ግን ከሸክም አላዳነውም። ለንጉሡ የሚላከው ወርቅ የሚወጣው ከገባሩ ጉልበት ነው፤ ለደጃዝማች ቤትም የሚገብረው ያው ገባር ነው። ባንድ ትከሻ ሁለት ሸክም። በዚያ ዘመን በመላ አገሪቱ እንደነበረው ባርነትም ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ገበሬ የንጉሡን መልእክተኛ ሲያይ ድርጎውን እየረገመ፣ በልቡ ደግሞ በደሌን የሚሰማልኝ ሰው መጣ ብሎ ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። የመልእክተኛ ነገር ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። ለሹሙ ስጋት የሆነው ሰው ለተበደለው ጆሮ ሊሆን ይችላል።

ዐፄ ምኒልክ ታመው አልጋ ሲይዙና በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ የደጃዝማች ትልቁ ጋሻ ወደቀ። የክርስትና አባት አንድ ነው፤ በምትኩ ሌላ አይገኝም። ልጅ ኢያሱ መጡ፣ በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፣ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሆኑ። ላኪው በተለዋወጠ ቁጥር ተላኪው ይበዛል፤ አዲሱ ላኪ አሮጌውን ውል አላስታውስም ማለት ይችላልና። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሁሉንም እንደየአመጣጡ ተቀብለው፣ ወረቀታቸውን እያስቀመጡ፣ ግብራቸውን እያስገቡ ዘለቁ። በ1910ዎቹ ውስጥ አስተዳደሩን ልጃቸው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ተረከቡ። ከበከሬ ጀምሮ ሲቆጠር አራተኛው ትውልድ መሆኑ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ለሌላ ሹም ይሆናል፤ እሳቸው ግን ቦታውን ለልጃቸው አድርሰው ነው ያለፉት።

ልጃቸውም ቢሆኑ ከተላኩ ሰዎች ነገር አላመለጡም። በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ፣ ጄኔራል ማሊዮኮ የሚባል የጣሊያን አየር ኃይል ሹም ከጓደኞቹ ጋር በአውሮፕላን ከነቀምት አቅራቢያ ቦኒያ ላይ አረፈ። የመጣው በጦር ሳይሆን ደጃዝማች ሀብተ ማርያምን አግባብቶ ወለጋን ለማስገባት ነው። ነገር ግን የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ አብዛኞቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች፣ በሌሊት ደርሰው መቷቸው። ከዚያ ጉዞ የተረፈ አንድ ቄስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው መልእክተኛ ደግሞ አራተኛ ዓይነት ነው፤ ያገሩ ሰው ያልፈለገው፣ የላከውም የማያገባው።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የአገር አስተዳደር ደንብ ወጣ። አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ተከፈለች፤ ገዢ ሁሉ ከአዲስ አበባ የሚሾም፣ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የሚሠራ፣ ደመወዝ የሚቀበል ሆነ። የለቃ ቤተሰብ ክብር አልቀረም፤ የደጃዝማች ሀብተ ማርያም ልጅ ማኅሰንተ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴን አግብታለች። ውሉ ግን አበቃ። የተላከው ሰው ከእንግዲህ ድርጎ በልቶ የሚሄድ አልሆነም፤ ቤት፣ ቢሮና ዘበኛ ያለው የቦታው ጌታ ሆነ። እስቲ ስሙን ተመልከቱ። እንደራሴ ማለት እንደ እኔ፣ እንደ ራሴ ማለት ነው። ምስለኔም እንደዚሁ ምስለ እኔ፣ እኔን የሚመስል ማለት ነው። ላኪው እኔን ቁጠሩት ብሎ ነው የላከው። እኔን ምሰል የተባለ ሰው ደግሞ መስሎ አይቀርም፣ ይሆናል።

ውድ አባላት፣ ታሪኩን እዚህ ላይ እንግታና ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ባለፈው ዓመት የላክናቸውን ሁለት ሰዎች ለመውቀስ አይደለም ይህን የጻፍነው። ሰዎቹ ለእድራችን የለፉ ናቸው፤ በዝናብ ድንኳን ተሸክመው የቆሙ ናቸው። ጥፋቱ የእኛ የላኪዎቹ ነው። ስንልካቸው ምን እንዲያደርጉ፣ እስከ ምን ድረስ እንዲስማሙ፣ መቼ እንዲመለሱ አልጻፍንም። እንደራሴ አድርገን ልከን፣ እንደ መልእክተኛ እንዲመለሱ ጠበቅናቸው።

ስለዚህ በዘንድሮው ስብሰባ ሦስት ነገር እንዲወሰን በትሕትና እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከእድሩ የሚላክ ሰው ሁሉ ጉዳዩ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ከጽሑፉ ውጭ የተስማማው ነገር አባላት እስኪያጸድቁት ድረስ አይጽና። ሁለተኛ፣ ደብዳቤው የመመለሻ ቀን ይኑረው፤ ለጊዜው የሚል ቃል በእድራችን ወረቀት ላይ አይጻፍ። ሦስተኛ፣ የመሄጃና የምሳ ወጪው ከእድሩ ሣጥን ይሁን እንጂ፣ ከሄደበት ሰፈር ወይም ከራሱ ኪስ አይሁን። ድርጎ የሚያበላ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ባለዕዳ ደግሞ እውነት አይናገርም።

ወረቀቱንም እናስቀምጥ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ያን ሁሉ ወርቅ ገብረዋል፤ ከወርቁ አንዲት ወቄት እንኳ ዛሬ በእጃችን የለችም። የቀሩልን ደብዳቤዎቻቸው ናቸው። የእድራችን ቃለ ጉባኤ ከዓመታት በፊት የተጻፈው ክፍል ዝናብ ነክቶት ግማሹ አይነበብም፤ የተረፈውን እኛ በነፃ ልንገለብጠው ፈቃደኛ ነን፤ ጠንካራ ደብተር ብቻ ይገዛልን።

በዚህ ዓመት ለተለዩን አባሎቻችን ነፍስ ይማር። ለቀረነው ዕድሜና ጤና ይስጠን።